ሂሳቡን አሳየኝ!

«መኪና የለኝም፤ ነዳጅ ቢጨምር ምን አገባኝ?» አልከኝ። ሆድ አለህ? እንግዲያው አገባህ።

ትናንት ማታ የበላኸው ሽሮ በእግሩ አልመጣም። ሽምብራው ከገጠር ገበያ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ወርዷል፤ ከዚያ ወፍጮ ቤት ገብቷል። ዘይቱ ከማሌዥያ ወይም ከኢንዶኔዥያ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከጅቡቲ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በናፍጣ ተጎትቷል። መቂ ላይ ሽንኩርቱን ያጠጣው ገበሬ ውኃውን የሳበው በሞተር ፓምፕ ነው። ድስቱ የተጣደበት ከሰል እንኳ በመኪና ነው የመጣው። አንድ ጭልፋ ሽሮ ውስጥ መርከብ አለ፣ ተሳቢ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ ፓምፕ አለ። የሁሉም ነዳጅ ሂሳብ ያንተ ነው፤ የምትከፍለው ግን ማደያ ሄደህ ሳይሆን ሱቅ ሄደህ ነው።

«እሱ የከተማ ሰው ጣጣ ነው፤ ገበሬው እንደሆነ በበሬ ነው የሚያርሰው» ያልሽኝ አንቺ ደግሞ፣ እኅቴ፣ በበሬ ማረሱ እውነት ነው። የበሬው እበት ግን ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ማሳው ላይ የሚበተነው ዩሪያ ነው። ዩሪያ ደግሞ የነዳጅ የሥጋ ዘመድ ነው። ዩሪያ በብዛት የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ከጋዙ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ ከአየር ናይትሮጅን ይወሰዳል፣ ሁለቱ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ተዋሕደው አሞኒያ ይሆናሉ፣ ከአሞኒያው ዩሪያ ይወጣል። ጋዝ ሲወደድ ፋብሪካው ወይ ዋጋ ይጨምራል ወይ ሥራ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ገበያ አንድ ቶን ዩሪያ በአማካይ 230 ዶላር ገደማ ነበር። የዩክሬን ጦርነት በተጀመረ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 2022፣ ከ900 ዶላር አልፏል። እኛ ዩሪያችንን ከውጭ ነው የምናስገባው። ስለዚህ በሁለት በሬ የሚያርሰው የጎጃም ገበሬ፣ ነዳጅ ማደያ በዓይኑ ሳያይ፣ የሩቅ አገር ጋዝ ዋጋ በቆሎው ሥር ይበትናል።

ይህ ዕዳ የሚመጣው ደግሞ ዘግይቶ ነው። ማዳበሪያው የሚገዛው ከክረምቱ ወራት ቀድሞ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይበተናል፤ ጤፉ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ እናንተ ጋ የሚደርሰው ከዚያም በኋላ ነው። የዘንድሮ ጋዝ የከርሞ እንጀራ ነው። «በዓለም ላይ ነዳጅ ረክሷል ሲሉ ሰማሁ፤ ታዲያ ጤፍ ለምን አልረከሰም?» ለሚለኝ ወንድሜ የመጀመሪያው መልሴ ይኸው ነው፤ የምትበላው አምና በተወደደ ማዳበሪያ የበቀለውን ነው። ከዚያ የከፋም አለ። ዋጋው የከበደው ገበሬ ሁለት ኩንታል የሚፈልገውን ማሳ በአንድ ኩንታል ያብቃቃዋል። ምርቱ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ነዳጁ ቢረክስም እህሉ ራሱ የለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአማራ ክልል አርሶ አደሮች «ማዳበሪያ አጣን» ብለው ማሳቸውን ትተው ሰልፍ ወጥተዋል። ገበሬ በዘር ወቅት ማሳውን ትቶ ሰልፍ ሲወጣ ከተሜው ደንግጦ መነሣት ነበረበት፤ የከተሜው ምሳ ነበርና መንገድ ላይ የቆመው።

«የስንዴ ገበሬውስ?» አርሲና ባሌ ሂድ፤ ኮምባይነር ነው የሚያጭድለት። «የበጋ ስንዴውስ?» ፓምፕ ነው የሚያጠጣው። «የገጠሩ ወፍጮስ?» መብራት ባልገባበት ሁሉ በናፍጣ ነው የሚፈጨው። «እኔ እንኳ ዋሽንግተን ነኝ» ያልከኝ ደግሞ፣ እንጀራህ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የሚመጣልህ፤ አውሮፕላንም ነዳጅ ነው።

«ነዳጅ የሀብታም ጉዳይ ነው» ላሉኝ ጋሼ በአክብሮት መልስ አለኝ። ጋሼ፣ የየካቲት 66ን ነገር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 የአረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሣ፤ የአረብ አገሮች ነዳጅ ያዙ፤ በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን በመቶ 50 ጨመረ፤ የታክሲው ታሪፍ ግን ባለበት ቆመ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ታክሲ ነጂዎቹ ሥራ አቆሙ። መንግሥት በዚያው ሳምንት ዋጋውን ቢቀንስም ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ወረደ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ። ነዳጅ ብቻውን ያን ሁሉ አደረገ አልልም። ወሎ እየተራበ ነበር፣ መሬት ላራሹ እየተባለ ነበር፣ ወታደሩ በደመወዙ አኩርፎ ነበር። ግን የቤንዚን ዋጋና የእህል ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ድሃ ደጃፍ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ ይህች ከተማ አይታዋለች። የሀብታም ጉዳይ ቢሆንማ ሀብታሙ ነበር ሰልፍ የሚወጣው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ የእህል ነጋዴው ወዳጄ። ዋናው ጉዳዬ ካንተ ጋር ነው።

«ለምን ጨመረ?» ስንልህ «ነዳጅ ጨምሯል» ትላለህ። የነዳጅ ዋጋ ማታ ይነገራል፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይጸናል፣ ጠዋት ሱቅህ ስንደርስ ጤፉ ጨምሯል። ጤፉ የገባው የዛሬ ወር ነው! ትናንት ሌሊት የተወደደው ናፍጣ፣ ባለፈው ወር የመጣውን ጤፍ በምን እጁ ያዘው?

«መልሼ የምገዛው በአዲሱ ዋጋ ነው» ትለኛለህ። እሺ፣ ሚዛናዊ ልሁን፤ ይህ የነጋዴ እውነት ነው። መጋዘኑን ባዶ አድርጎ የሚነግድ የለም። እንግዲያው ተቀመጥና እንቁጠር።

ናፍጣ በሊትር 10 ብር ጨመረ እንበል። አይሱዙህ 50 ኩንታል ይጭናል። ጤፉ ያለበት አገር 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ መኪናው ባዶውን ሄዶ ጭኖ ይመለስ፣ ደርሶ መልስ 600 ኪሎ ሜትር። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ይሂድ። 120 ሊትር ይፈልጋል። 120 በ10 ሲባዛ 1,200 ብር። ለ50 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 24 ብር። በኪሎ 24 ሳንቲም።

በትልቁ ተሳቢ እንቁጠረው ካልክ ደግሞ ይብሱን ያንሳል። 400 ኩንታል ይጭናል፤ በሊትር 2 ኪሎ ሜትር ይሂድ፣ 300 ሊትር ይጠጣ፤ 3,000 ብር ነው። በኩንታል 7 ብር ከ50 ሳንቲም!

አንተ ግን በኩንታል 500 ብር ከጨመርክ፣ 24ቱ የናፍጣው ነው፤ 476ቱ የማን ነው?

«የአንድ ጊዜ ጭማሪ እኮ አይደለም፤ ሲደራረብ ነው» ካልክም እንደራርበው። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት ናፍጣ በሊትር 35 ብር ገደማ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ የነዳጅ ድጎማው መነሣት ሲጀምር 49 ብር ገባ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ 99 ብር ደረሰ። ልዩነቱ 64 ብር ነው። በዚያው አይሱዙ፣ በዚያው መንገድ፣ 120 ሊትር በ64 ሲባዛ 7,680 ብር፤ በኩንታል 154 ብር እንኳ አይሞላም። በነዚያው ዓመታት የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ የጨመረው በሺዎች ነው። ሺዎቹን ናፍጣ ላይ አትጫንብኝ፤ ናፍጣ ያን ያህል አይሸከምም።

«ጎማው፣ ዘይቱ፣ መለዋወጫውስ?» ልክ ነህ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በባንክ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ጎማ በዶላር ነው የሚገባው። ነዳጁም እንደዚያው፤ ድፍድፍ አናጣራም፣ የተጣራውን በዶላር ነው የምንገዛው፤ ስለዚህ በዓለም ገበያ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር እኛ ጋ ሊጨምር ይችላል። ይህን ሁሉ ጻፈው። በወረቀት አስቀምጠው። ተቆጥሮ የመጣ ዋጋ ላይ አፍ አልከፍትም።

«ኬላውስ? መንገድ ላይ የሚከፈለውስ?» እዚህ ላይ ተናገር፣ እውነት አለህ። በየኬላው የሚቆረጠው፣ በደረሰኝም ያለ ደረሰኝም የሚወሰደው፣ መንገድ ሲዘጋ መኪናው ቆሞ የሚያድርበት፣ ሹፌሩ ነፍሱን አስይዞ አልሄድም ስላለ የሚጨመርለት፣ ይህ ከናፍጣው የበለጠ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ግን ይህ የኬላና የጸጥታ ዋጋ ነው፤ ነዳጅ ላይ አትለጥፈው። ሁሉን «ነዳጅ» ስትለው ኬላ ላይ የቆመው ሰውዬ ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል፤ ደላላው ያልፋል፤ አንተም ታልፋለህ። የሚከሰሰው በርሜል ብቻ ይሆናል፤ በርሜል ደግሞ መልስ አይሰጥም። እንዲህ እያልን ነው ተጠያቂ ያጣነው።

ነጋዴ ሁሉ አትራፊ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። በዐቢይ ጾም ሽሮና ዘይት ሲፈለግ ዋጋውን ይዞ የሚቆይ፣ ድሃ ደንበኛውን በዱቤ የሚያሳልፍ ባለሱቅ በየሰፈሩ አለ። ለእርሱም ጭምር ነው የምናገረው፤ ቆጥሮ የሚሸጠውን ሳይቆጥር የሚሸጠው እያሰደበው ነውና።

ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ ስንመጣ ሂሳቡ ይለወጣል፤ እዚህ ነዳጁ በእውነት ይከብዳል። ጤፍ ዝናብ ጠጥቶ ይበቅላል፤ የበጋ ሽንኩርት የሚጠጣው ፓምፑ የሳበውን ነው። ጤፍ ጎተራ ውስጥ ይቆያል፤ ቲማቲም ማደያ ሰልፍ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ይበሰብሳል። የመቂና የባቱ፣ የፎገራም አትክልት አምራች ነዳጁን የሚፈልገው በጄሪካን ነው፤ ፓምፑን ተሸክሞ ማደያ አይሄድምና። ኮንትሮባንድ ለመከላከል ተብሎ በጄሪካን መቅዳት ተከልክሏል፤ ገበሬው ፈቃድ ይዞ እንዲመጣ ይጠየቃል። ፈቃዱ ሲዘገይ ከጥቁር ገበያ ይገዛል፤ እዚያ ያለው ዋጋ መንግሥት የተናገረው ዋጋ አይደለም። «ኮንትሮባንዱን እንተወው ወይ?» ይለኛል ተቆጣጣሪው። አይተው! ኮንትሮባንዲስቱን ያዝ። ግን የሽንኩርት ማሳ ፊርማ አይጠብቅም፤ ውኃ ባጣበት ሳምንት ይጠወልጋል። በየቀበሌው ስንት ፓምፕ እንዳለ መመዝገብ የሚያቅት ሥራ አይደለም። መዝግቡና በተመዘገበው ልክ ቅዱለት።

«ድጎማው መነሣት ነበረበት» አሉኝ አንድ ባለሥልጣን ነኝ ያሉ። እስማማለሁ። የተደጎመ ነዳጅ ድንበር እያቋረጠ ይሸጥ ነበር፤ ባለ ሦስት መኪናው ከባለ ባዶ ኪሱ ይልቅ ይደጎም ነበር። የማልስማማው በአተገባበሩ ነው። ድጎማው ሲነሣ የታለመ ድጎማ ተብሎ ለሕዝብ ትራንስፖርት ተተወ። መልካም ነው፤ ታክሲ ተሳፋሪው ተደገፈ። እህል የጫነው መኪና ግን አልተደገፈም፤ የሽንኩርቱ ፓምፕ አልተደገፈም። ሰውዬው ገበያ ድረስ የሚሄድበትን ደጉመን፣ ገበያ ውስጥ የሚገዛውን አስወደድንበት። በታክሲው ያተረፈውን ብር ሽንኩርት ላይ ተቀበልነው። ክቡርነትዎ፣ ታሪፍ ከዘንቢል ተለይቶ አይታይም።

ሲጨምር በማግስቱ፣ ሲቀንስ መቼ? እ.ኤ.አ. በጁላይ 2008 አንድ በርሜል 147 ዶላር ደርሶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ40 በታች ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ ከ100 በላይ የነበረው በጃንዋሪ 2016 ከ30 በታች ሆነ። በነዚያ ዓመታት እኛ ጋ የምግብ ዋጋ ነዳጁ በወረደው ልክ ወደ ታች አልተመለሰም። «ድርቅ ነበር» ትሉኛላችሁ፤ በ2008 ዓ.ም. አዎ፣ ከባድ ድርቅ ነበር። «የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንዱ ዕዳ መከፈል አለበት፤ ስለዚህ ማደያው ላይ ሙሉ በሙሉ አይቀነስም» ትሉኛላችሁ፤ እሱም እውነት ነው። ግን ለመጨመር አንድ ምክንያት የበቃው ሰው ላለመቀነስ አሥር ምክንያት ሲያቀርብ፣ አሥሩንም ከመቀበሌ በፊት አንድ በአንድ እጠይቃለሁ።

«የምግብ ዘይቱን ከነዳጅ ምን አገናኘው?» ያልሽኝ እናቴ፣ ይኸውልሽ። ፓልም ይበላልም፣ ይነዳልም። ኢንዶኔዥያ ከፓልም የሚሠራ ናፍጣ ከተራው ናፍጣ ጋር እንዲደባለቅ በሕግ ታስገድዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ድርሻውን በመቶ 40 አድርሳዋለች። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ፓልሙ ወደ ሞተር ያደላል፤ ለድስት የሚተርፈው ያንሳል። በ2022 ደግሞ አገሪቱ በሕዝቤ ላይ ዘይት ተወደደ ብላ ከኤፕሪል መጨረሻ ለሦስት ሳምንት ከቀናት ያህል የፓልም ዘይት ሽያጭ ወደ ውጭ አቁማ ነበር። አሜሪካም ከበቆሎ ምርቷ ሲሶ የሚበልጠውን ኤታኖል አድርጋ መኪና ውስጥ ትጨምረዋለች። ሆድና ሞተር አንድ ማሳ ላይ ከተሻሙ ብዙ የሚከፍለው ነው የሚወስደው፤ አንቺ ደግሞ ለአምስት ሊትር ጄሪካን ከሞተር ጋር ተፎካክረሽ ነው የምትገዢው። እኛ አገር በፊንጫ የተሠራው ኤታኖል ከስኳሩ ከተረፈው ሞላሰስ ነው፤ የሚበላ አልነካም። እንዲህ ያለውን ብናበዛ ደስ ይለኛል።

«አሁን እኮ የኤሌክትሪክ መኪና ገብቷል!» ገብቷል፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉም ይታወቃል። የአባይ በረሃን ጤፍ ጭኖ የሚወጣው ግን ዛሬም ናፍጣ ነው። የቤት መኪናው ከተማ ውስጥ ይቆጥባል፤ ገበታህን አያረክስልህም።

«ጎዴ ላይ ማዳበሪያ ፋብሪካ ሊሠራ አይደል?» አዎ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው የዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ውሉ ተፈርሟል፤ 2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ። የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በእኛው ጋዝ የእኛን ማሳ እናለማለን ማለት የምደግፈው ነገር ነው። ፋብሪካው እስኪያልቅ ግን ክረምት አይቆምም። ሲያልቅም ከጎዴ ጎጃም ድረስ የሚያደርሰው መኪና ናፍጣ ይጠጣል። ደግሞ አንድ መንገድ በእጃችን አለ፦ 752 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጅቡቲ ባቡር በእኛው ግድብ መብራት ነው የሚሄደው። ማዳበሪያና ስንዴ ከወደብ እስከ መሐል አገር በባቡር በመጣ ቁጥር በዚያው ልክ ናፍጣ ቀረ፣ ዶላር ቀረ። ለማዳበሪያ ባቡሩ ቅድሚያ ይስጥ፤ ሌላው ዕቃ ይጠብቅ፤ ዝናብ እንደሆነ አይጠብቅም።

ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የምለው ይህን ነው። የነዳጅ ዋጋ ስትናገሩ የቤንዚኑንና የናፍጣውን ብቻ ተናግራችሁ አትተኙ። በዚያው ማስታወቂያ ላይ «ይህ ጭማሪ በ100 ኪሎ ሜትር በአንድ ኩንታል ላይ ይህን ያህል ብር ነው» ብላችሁ ጨምሩበት። በእኔ አይሱዙ ሂሳብ 10 ብር ለ100 ኪሎ ሜትር በኩንታል 8 ብር ይመጣል፤ እናንተ ከኔ የተሻለ ባለሙያ አላችሁ፣ ከኔ የተሻለ ቁጥር አውጡ። ከኪሎ ሜትሩና ከኩንታሉ ጋር ይለጠፍ፣ በሬዲዮ ይነገር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በሶማልኛም ይነገር። የማዳበሪያውም ዋጋ ከዘር በፊት ለገበሬው ይነገረው።

አንተም አንባቢዬ፣ ከእንግዲህ «ነዳጅ ጨምሯል» ሲሉህ አንገትህን ደፍተህ ብር አትቁጠር። በስንት ሊትር፣ ለስንት ኪሎ ሜትር፣ በስንት ኩንታል ብለህ ጠይቅ። ለ24 ብር 500 አትክፈል።